የአያ ኪሮስ አውራ ጣት

ለምለም ደውላ «አባቴ አረፈ» ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። ቅናት ነው። ይህን ለሰው ብናገር «ምን ዓይነቷ ጉድ ናት» እንደምባል አውቃለሁ፤ ይባል። «አባቴ» አለች እኮ! «አባታችን» ብትል ምን ይቆርጣታል? ደግሞስ «አረፈ»! እኔ ብሆን «አረፉ» ነበር የምል። ሰቆጣ ሱቄ ውስጥ ነበርሁ፤ ለአንዲት ገበያተኛ ከላይ የተሰቀለ ጀሪካን እያወረድሁላት። ጀሪካኑን እንዳቀፍሁ ቁጭ አልሁና አለቀስሁ። ከዚያ ለቅሶ ውስጥ ስንቱ የሐዘን፣ ስንቱ የቅናት እንደነበረ ዛሬም ለይቼ አልጨረስሁም።

አያ ኪሮስ አባቴ አልነበሩም። ደሃና ውስጥ፣ ከአምደወርቅ የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ከምትርቀው መንደራችን፣ አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ነበሩ። የእኔን አባት ሞላ ይሉታል። ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ማስረጃዬም፣ በመታወቂያዬም፣ በንግድ ፈቃዴም ላይ የተጻፈው «ስንዱ ኪሮስ» ነው። እሳቸውን ለማያውቅ ሰው ማንነታቸውን ልንገር ብል ይህ ስም እንዴት እኔ ዘንድ እንደመጣ ከመናገር የተሻለ መንገድ የለኝም።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ንብ ያነባሉ። ሚስታቸው ለምለምን ጡት ሳታስጥል ሞተችባቸው። ዘመድ ተሰብስቦ «ሴት ልጅ ያለ እናት እንዴት ትሆናለች? ለአክስቷ ስጣት» ቢላቸው «እኔ የት ሄጄ?» አሉ አሉ። ይህችን ቃል ዕድሜ ልካቸውን አልተዋትም። «ሁመራ ወርደህ ሰሊጥ ብታርም ይሻልህ ነበር» ሲሏቸው «ለምለምስ?» ይላሉ። «ሰው ይይዛታል» ሲባሉ ደግሞ «እኔ የት ሄጄ ነው ሰው የሚይዛት?»

ፀጉሯን የሚሠሩላት ራሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ለምለምን በጉልበታቸው መሐል አድርገው፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ሹሩባ ይሠራሉ። ምን ሹሩባ ነው እሱ! አንዱ ጉንጉን ወደ ጆሮ፣ አንዱ ወደ ግንባር፣ አንዱ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ውኃ ቀጂው ሁሉ ቆሞ ይስቃል። እሳቸው ቀና ብለው «ምነው፣ ራሷን ሸፈነ አይደል?» ይላሉ። የእኔ እናት አዝመራ በመንደሩ የታወቀች ሹሩባ ሠሪ ናት፤ የእኔ ፀጉር ልክ እንደ ታረሰ ማሳ መሥመር የያዘ ነው። እኔ ግን የምመኘው የለምለምን የተንጋደደ ሹሩባ ነበር። አንድ ቀን የእናቴን ሥራ ፈትቼ በገዛ እጄ አንጋድጄው ወጣሁ። እናቴ በኩርኩም አናቴን አለችኝ፤ «ይህን የመሰለ ሥራ!» እያለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

ለምለም አባቷን «አንተ» ትላለች። «አባ፣ ና እንጅ!» «አባ፣ አንተ ደግሞ!» እኔ በእኛ በኩል ባለው አጥር ቆሜ ይህን ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል። እኔ «አንተ» የምለው ትልቅ ሰው አልነበረኝም።

አባቴ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ለሰሊጥ አረም ሁመራ ወረደ። ያገራችን ወንድ ይወርዳል፣ ለኅዳር ሚካኤል ይመለሳል። አባቴ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ቀረ። አራት ዓመቴ ነበር። መልኩን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ሳሉን ብቻ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሁመራ ነው» እላለሁ። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ግን «ሁመራ ነው» ማለት «የለም» ማለት እንደሆነ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ነቅቶበታል።

እንግዲህ በእኛ አገር የጡት ልጅ የሚባል ነገር አለ። ሰው የሌላውን ልጅ ልጁ ሊያደርግ ሲሻ፣ በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ነው፣ በቃ፣ ማንም አይነጥቀውም። ይህን እናቴና ጎረቤቶቿ ሲጨዋወቱ ሰምቼ ሆዴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሰባት ዓመቴ ነው። ጥቅምት ላይ አያ ኪሮስ ማር ቆርጠው ደጃፋቸው ላይ ሳፋ ዘርግተው የማር እንጀራ ለልጆች ያድላሉ። ሁሌም እንዲህ ናቸው፤ ለገበያ ከመለየታቸው በፊት ልጅ መቅመስ አለበት ይላሉ። ስጋፋ ስጋፋ እኔ ስደርስ አለቀ። ሳፋው ተጠርጎ ተልሷል። ፊቴን አዩና «አይ የኔ ልጅ! በይ እንግዲህ ይችን ላሺ» ብለው በማር የተለወሰ አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። የኔ ልጅ? አውራ ጣት? ዞር ዞር ብዬ ሽማግሌ ፈለግሁ። አባ ተካ ግድግዳ ተደግፈው ያንቀላፋሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ይበቃል። ዓይኔን ጨፍኜ ጠባሁ። ሰም ሰም፣ ጭስ ጭስ ይላል። እሳቸው ሳቅ ብለው ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ ቀፏቸው ተመለሱ። እኔ ግን የኪሮስ ልጅ ሆኜ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከጥቅምት እስከ መስከረም በሆዴ ያዝሁት። ለእናቴ እንኳ አልተነፈስሁም። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ልንመዘገብ ሄድን። መምህሩ ከወደ ደሴ የመጡ ወጣት ናቸው፤ የመንደሩን ሰው አያውቁም። ለምለም ከፊቴ ነበረች፤ «ለምለም ኪሮስ» ተብላ ተጻፈች። ተራዬ ደረሰ።

«ስም?»

«ስንዱ።»

«የአባት ስም?»

«ኪሮስ።»

መምህሩ ቀና አሉ። «እህቷ ነሽ?»

«አዎ» አልሁ።

ለምለም እንደ እሳት ተነሣች። «ዋሾ ናት! አባቷ ሁመራ ነው! አባቴን ሰረቀችኝ!» ብላ ጮኸች። ልጁ ሁሉ በሳቅ አወካ። መምህሩም ነገሩ ግራ ገብቷቸው «ሰኞ አባት ተብዬው ይምጣና ይናገር» አሉ። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ አያ ኪሮስ አጥሩ ጋ ቆመው ጠሩኝ። ለምለም ነግራቸዋለች። መሬት ልትውጠኝ ነው።

«ስንዱ፣ ልጄ ነሽ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«ጣትዎን ጠብቻለሁ» አልሁ።

«የት?»

«አምና፣ ማር ሲቆርጡ። ሳፋው ሲያልቅ።»

ሽማግሌ ማን እንደነበረ ጠየቁኝ። «አባ ተካ» አልሁ።

«አባ ተካ ተኝተው አልነበር እንዴ?»

«አንድ ዓይናቸው ክፍት ነበር።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አውራ ጣታቸውን ተመለከቱ፣ እንደ ሌላ ሰው ጣት፣ ረዘም አድርገው። «እንዲህ ነው ለካ» አሉና ገቡ።

ሰኞ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ትምህርት ቤት መጡ። መምህሩ «ይህች ልጅ የእርስዎ ናት?» አሏቸው። አያ ኪሮስ «ኪሮስ ተብላ አይደል የተጻፈች?» አሉ። «አዎ፣ ግን...» «እንግዲህ ትክክል ነው የጻፉት፤ ታዲያ ምን ልሥራ ብለው ከሥራዬ አስፈቱኝ?»  ከዚያ አውራ ጣታቸውን ወደ መምህሩ ቀሰሩና «ይችን ጠብታለች» አሉ። መምህሩ የወሎ ልጅ አይደሉ? ገባቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡና መዝገቡን ዘጉ። ከዚያን ቀን የበለጠ ቀን አይቼ አላውቅም፤ የሠርጌም ቀን አልደረሰበትም።

እናቴ ስትሰማ በጥፊ አጮለችኝ። «አባትሽ በሕይወት እያለ! ሰው ምን ይለኛል? የእኔ ባል ሁመራ፣ የእሱ ሚስት መቃብር፣ ልጅቷ በስሙ! ይህን ማን ያጣዋል?» እያለቀሰች ወደ አጥሩ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ተሸጉጬ እሰማለሁ።

«አያ ኪሮስ፣ ስምዎን ያንሡልኝ።»

«ስም እኮ ቢሰፍሩት አያልቅም፣ አዝመራ።»

«ወሬውስ?»

«ወሬውን ለእኔ ተይው።»

ከዚያን ቀን ጀምረው እናቴ እስክትሞት ድረስ ደጃችንን አልረገጡም። አንዲት ቀን እንኳ! እናቴ ስትታመም አጥሩ ላይ ቆመው «እንዴት አደረች?» ይላሉ። ጣራችን ሲያፈስ ሣሩን አጭደው በአጥር ላይ ያቀብላሉ፤ የሚከድነው ሌላ ሰው ነው። ለፋሲካ ስንጠራቸው «እናንተ ወደ እኔ ኑ» ብለው ይመልሳሉ። ወሬኛውም ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸው። እኔ ግን ያኔ አልገባኝም፤ ተቀየምኋቸው። ስሙን ሰጥተው እግራቸውን ነሡን አልሁ። ለምለምን ቤት ውስጥ ታቅፈው ተረት ያወሩላታል፣ እኔ ከአጥር ወዲያ። የእናቴን ስም ለመጠበቅ መሆኑ የገባኝ አግብቼ የሰው ምላስ የቀመስሁ ጊዜ ነው።

ስሙን አግኝቼስ ቅናቱ ቀለለኝ? ኧረ ምን ሲደረግ! የተራበ ሰው ጥቂት ሲቀምስ ነው ጭራሽ የሚብስበት። ለምለምን ብርድ መታት ብለው ጋቢያቸውን ሲደርቡላት እኔም አስላለሁ። ሲቆጧት እንኳ እቀናለሁ፤ እኔን አይቆጡኝማ፣ የሰው ልጅ ነኝ። አንዷ ጎረቤታችን ይህን አይታ «አይ ስንዱ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለችኝ ገበያ መሐል። ሳምንት ሙሉ አለቀስሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ደግሞ አንድ ቀን «አንተ በይኝ እንጅ፤ ልጄ አይደለሽ?» አሉኝ። አፌን ከፈትሁ። «አን...» አልሁ። «አን... አንቱ» ብሎ ወጣ። እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ዞር ብዬ ግን ምላሴን ነከስሁት።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ መጣ። ኅዳር ነበር። ኮት ለብሷል፣ ጃንጥላ ይዟል፣ ያስላል። እናቴ እግሩን አጠበችው። በማግሥቱ አንድ ወሬ አቀባይ «ልጅህ እኮ የኪሮስ ሆናለች» አለው። ዱላውን ይዞ ወደ አጥሩ ሄደ። ተከተልሁት።

«ኪሮስ! ልጄን ወሰድህብኝ አሉ!»

አያ ኪሮስ አዲስ ቀፎ በእበት እየመረጉ ነበር። ቀና አሉ። «ግባ ሞላ። ዱላህን እዚያ አስደግፈው። ተቀመጥ።» አባቴ ሳያስበው ተቀመጠ። እሳቸው እጃቸውን እየታጠቡ «ለምን ቀረህ?» አሉት።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ሰው የሚያውቀው መስደቡን ነው። 

«የዚያን ዓመት ያገኘሁትን ወባ ጨረሰው» አለ። «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ? ለከርሞ አልሁ። ከርሞ ሲደርስ ያምናው ሐፍረት ተጨመረበት። እንዲህ እንዲህ እያልሁ መተማ ላይ ሌላ ጎጆ ያዝሁ። ልጆችም አሉኝ።»

ልጆችም አሉኝ! በሩ ጋ ቆሜ እነዚያን የማላውቃቸውን ልጆች ቀናሁባቸው። ያን ሳል በየቀኑ የሚሰሙ ልጆች።

አያ ኪሮስ «ልጅ የአባቷን እጅ አታይም፣ በር በሩን ነው የምታይ» አሉት። «ባዶ እጅህን ብትገባ እኮ እሷ አታውቅም ነበር። እኔም አልወሰድሁብህ፤ ቦታህ ተከፍቶ ከብት ከሚገባበት ብዬ ቆምሁበት እንጅ። ስሙ ያንተ ነው። እስከ ገና ከተቀመጥህ ራሴ ትምህርት ቤት ሄጄ አስለውጥልሃለሁ።»

እኔስ ምን አደረግሁ? አባቴ እንዲሄድ ጸለይሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሌሎች ልጆች አባታቸው እንዲመጣ የሚሳሉትን ስለት እኔ አባቴ እንዲሄድ ተሳልሁ። ቀኑ ወደ ገና በተጠጋ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ። በመጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ጃንጥላውን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም። አያ ኪሮስ አጥሩ ጋ አገኙኝ።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

ፊቴን አዩት። «ደስ ብሎሻል?»

 ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ። «በሰው መጥፋት ደስ አይበልሽ! ሰው ቤቱን አጥቶ ሲሄድ ይለቀስለታል እንጅ አይሳቅም! ሂጂ፣ እናትሽን አግዢ!» ድምፃቸው ለምለምን ሲቆጡ የሚያወጡት ድምፅ ነበር። እየሮጥሁ ገባሁና ከምሰሶው ኋላ ተደብቄ ፈገግ አልሁ። ቁጣቸውን እንኳ እንደ ጠላ ጠጣሁት።

ስድስት ቀፎ ንብ፣ አንዲት ልጅ፣ አንዲት የውሰት ልጅ፤ ይህ ነበር ኑሯቸው። እኔ ሰቆጣ ገብቼ ነገድሁ፤ ለምለም እዚያው አግብታ አጠገባቸው ቀረች። በሽታቸውን ያየች እሷ፣ የመጨረሻ ውኃቸውን ያጠጣች እሷ። በዚህም ቀናሁ።

ከስልኩ በኋላ ያገኘሁት መኪና እስከ አምደወርቅ አደረሰኝ፤ ከዚያ በእግሬ ሮጥሁ። ስደርስ ተቀብረዋል። የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነው። ዳሱ ውስጥ ከሰው ጋር አለቀስሁ፤ ውስጤ ግን «አልጠበቀችኝም» እያለ ይብከነከናል። በሦስተኛው ቀን ከዳሱ ኋላ ሳፋ ይዘን የለቅሶተኛውን ሳህን ስናጥብ ፈነዳሁ።

«አፈር ሳላለብሳቸው! ጥቂት ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት? ዛሬ እንኳ ከአባትሽ ልትከልዪኝ?»

ለምለም ሳህኑን ሳፋው ውስጥ ጣለችው። «ቄሶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሉ። አንቺ ደግሞ መቼ ጠግበሽ ታውቂያለሽ!» አለችና ዓይኗ ሞላ። «ስሙን እሱ የሰጠሽ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ!»

እጄ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀና ብዬ አየኋት።

«ያን ዓርብ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ» አለች። «‹ስሜን ለስንዱ ላካፍላት አስቤያለሁ፤ ግን ስሙ ያንቺም ነው፣ እምቢ ካልሽ አላደርገውም› አለኝ። እምቢ አልሁ። ቅዳሜ ጠየቀኝ፣ እምቢ አልሁ። እሑድ ‹እንግዲያ አንቺው ሂጂና ንገሪያት፤ እኔ አልችልም› አለኝ። ልነግርሽ መጣሁ። አጥራችሁ ሥር ቁጭ ብለሽ ለጥጃችሁ ‹ስንዱ ኪሮስ እባላለሁ› ትይዋለሽ። ጆሮውን ይዘሽ! ‹ሰማህ? ስንዱ ኪሮስ!› ስንት ጊዜ እንደነገርሽው እንጃ። አፌን ያዘኝ። ተመልሼ ‹ይሁን› አልሁት።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይሁን አልሁ እንጅ አልቀለለኝም። አንቺን ሲያይሽ እንደ እንግዳ ነው የሚሳሳልሽ፤ እኔን ግን እንደ ለመደው ነገር። ስቀና ነው የኖርሁት፣ ስንዱ። ስቀናብሽ!»

 ሳህን አነሣሁ፣ አስቀመጥሁ። 

እንዲህ ተፋጠን ሳለን አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። እዚሁ አገራችን ካለው ዝቋላ ነው የመጡት፤ በሟች ሚስት በኩል ዘመድ ነን ይላሉ፤ ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው እግራቸው አቧራ ለብሷል። መርዶው ዘግይቶ ደርሷቸዋል። ሁለታችንንም አይተውን አያውቁም። እኔን አዩ፣ ለምለምን አዩ።

«የኪሮስ ልጅ የትኛችሁ ናችሁ፣ ልጆቼ?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሁልጊዜ አፌ ይቀድመኛል። ትምህርት ቤትም፣ ቀበሌም፣ ሠርጌም ላይ ማንም ሳይጨርስ «እኔ!» ብዬአለሁ። ለምለም ቀና ብላ አየችኝ። መልሱን ለእኔ ተወችው።

«እሷ ናት፣ እናቴ» አልሁ፣ በአገጬ ወደ ለምለም እያሳየሁ።

አሮጊቷ እኔን አልፈው ሄደው አቀፏት። «አንቺን ይዞ ብቻውን የቀረው!» እያሉ፣ እናቷን በስም እየጠሩ አለቀሱላት። ለምለምም እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። እኔ ሳፋው አጠገብ፣ እጄ እየተንጠባጠበ ቆሜአለሁ። ቀናሁ። አልዋሽም፣ አንጀቴ እርር አለ። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የቀናሁት ሁሉ የሌለኝን ስመኝ ነበር፤ አሁን ያለኝን በገዛ እጄ ሰጥቼ ነው የቀናሁት። ለካ ለምለም ከስምንት ዓመቷ ጀምራ ችላው የኖረችው ይህን ነው።